ከማንኩሳ እስከ ቡሬ በቁራኛ

እልኸኛ ነህ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። እልኸኛ ባልሆን ኖሮ የፍኖተ ሰላም ልጅ ሆኜ ሞተር በሌለው አውሮፕላን ሰማይ ላይ ምን እሠራ ነበር? ይህን የማጫውታችሁን ነገር የሰሙ ወዳጆቼ ግማሾቹ "አበጀህ" ሲሉኝ ግማሾቹ "አይ ሞኝ!" ብለውኛል። እናንተም ፍርዳችሁን እስከ መጨረሻው አቆዩልኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ብትሉ ቅር አይለኝም።

ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ወደ ማለቂያቸው የተጠጉበት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወጣት ነኝ፤ ሚስት የለኝም፤ ትርፍ ጊዜዬን ሁሉ የማጠፋው የውጭ አገር ሰዎች ባቋቋሙት አንድ ትንሽ የበረራ ክለብ ውስጥ ነው። ክለቡ የሚያበረው ግላይደር ነው። ግላይደር ሞተር የለውም። መኪና በረጅም ሽቦ ጎትቶ ያስነሣዋል፤ ሽቦው ከተለቀቀ በኋላ ያለው የአብራሪው ፋንታ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሙቅ አየር ወደ ላይ ይልካል። አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ሽቅብ የሚወጣው በዚያ አየር ነው፤ እኛም የምንወጣው እንደዚያው ነው። አየሩን ያጣ ሰው ቁልቁል ይወርድና ያገኘው ማሳ ላይ ያርፋል። በክለቡ ውስጥ ሐበሻ አብራሪ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለት ግላይደሮች ነበሩን። ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አንደኛዋን ሽመላ፣ ሁለተኛዋን ጭልፊት አልኳቸው። ሽመላ አዲስ ናት። ከጀርመን አገር በመርከብ የመጣች፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራች፣ ነጭ፣ ገላዋ እንደ እንቁላል የለሰለሰ። ሁለቱን ከአንድ ከፍታ ላይ ብትለቋቸው ጭልፊት መሬት ስትነካ ሽመላ ገና ሌላ አጥቢያ ላይ ትንሳፈፋለች። ጭልፊት የእንጨት ናት፤ አጥንቷ ጣውላ፣ ቆዳዋ ቀለም የጠጣ ሸራ። ፍጥነት ላይ ትደክማለች። ነገር ግን ቀላል ስለሆነች በጠባብ ቦታ ትዞራለች፤ ደካማ አየር እንኳ ያነሣታል። የክንፏ ፍሬን ኃይለኛ ስለሆነ ለማረፍ የአንድ ገበሬ ማሳ ይበቃታል። ብትሰበር ደግሞ ጥሩ አናጢ ይጠግናታል። ሽመላ ለማረፍ ሜዳ ትፈልጋለች፤ ከተሰነጠቀች መድኃኒቷ የሚመጣው ባሕር ተሻግሮ ነው።

በዚያ ዓመት ናይሮቢ ላይ ውድድር ሊደረግ ነው ተባለና ክለባችን ተጋበዘ። ቦታው ግን ለአንድ ግላይደርና ለአንድ አብራሪ ብቻ ነበር። የክለቡ አለቃ ሚስተር ዲተር የሚባል መሐንዲስ ነው። ጎበዝ አብራሪ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ለእሱ ነገሩ ከመጀመሪያው ያለቀ ነበር።

"ሽመላ ትሄዳለች፤ እኔ አበራታለሁ" አለ ስብሰባ ላይ። "ውድድር ማለት ፍጥነት ነው። በዚህ ዘመን በእንጨት የሚወዳደር ሰው መሳቂያ ነው።"

"ፈጣን መሆኗን ማን ካደ?" አልኩት። "አየሩ ኃይለኛ ሆኖ ከዋለ ሽመላን የሚደርስባት የለም። የደከመ ቀንስ? ውድድሩ እኮ ብዙ ቀን ነው። አንድ ቀን እመንገድ የቀረ ሰው የሌላውን ቀን ፍጥነት ምን ያደርገዋል?"

"አንተ ጭልፊትን የምትወዳት ሽመላን እንድታበር ስላልተፈቀደልህ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔን ያንገበገበኝ ሳቃቸው ነው። እውነት ነበር፤ ሽመላን ላብራት ብዬ በለመንኩ ቁጥር "ትንሽ ቆይ" እባል ነበር፤ ከእኔ ኋላ የመጡ ሁሉ እያበሯት። "እንግዲያው በአንድ ቀን እንለይ" አልኩ። "አንተ በሽመላ፣ እኔ በጭልፊት። አንድ መንገድ እንብረር፤ የበለጠ ርቆ የበረረ ከነግላይደሩ ናይሮቢ ይሂድ።" ዲተር በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም።

ቡሬን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰፊ ሜዳ አላት፤ የጥር ፀሐይዋ መሬቱን በደንብ ያሞቀዋል፤ ደግሞስ በአገሬ ሰማይ ላይ ብሸነፍም ይሻለኛል አልኩ። መንገዱ ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በጅጋ አልፎ ደምበጫ ላይ መዞር፣ ከዚያ ወደ ቡሬ መመለስ ነው። ደምበጫ ላይ አንድ የክለባችን ሰው ነጭ አቡጀዲ ዘርግቶ መዞራችንን ያያል። እመንገድ ላይ አርፈን በመኪና ተጎትተን እንዳልተነሣን የሚመሰክረው ደግሞ ከመቀመጫችን ኋላ የሚታሰር ሳጥን ነው። በውስጡ በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ በሰዓት መዘውር ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል፤ ግላይደሩ ሲወጣና ሲወርድ መርፌ በጥላሸቱ ላይ መስመር ትጭራለች። የውድድሩ ዳኛ ማዳም ኢንግሪድ የምትባል አሮጊት ነበረች። ሁለቱን ሳጥኖች በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸገቻቸው።

"ይህን ማኅተም የምሰብረው እኔ ብቻ ነኝ" አለች። "በሌላ እጅ ከተሰበረ እንዳልበረራችሁ እቆጥራለሁ።"

ረፈድ ሲል ዲተር ቀድሞ ተነሣ፤ እኔ ተከተልኩ። ወዲያው ጥሎኝ ሄደ። ማንኩሳ ላይ ገና ስዞር እሱ ወደ ፍኖተ ሰላም የምትሄድ ነጭ ነጥብ ነበር። አፈርኩ አልላችሁም፤ ተናደድኩ። ተናድጄም አሞራ ፍለጋ ገባሁ። ላህ ወንዝ ላይ አሞሮች ሲዞሩ አየሁና ከመካከላቸው ገባሁ፤ ጭልፊት ክንፏን አጋድላ እንደነሱ በጠባቡ እየዞረች ወጣች። የተወለድኩባት ከተማ ከበታቼ የቆርቆሮ ክዳኖቿ ብልጭ እያሉ ቆየች። ደምበጫ ደርሼ አቡጀዲው ላይ ስዞር ሽመላ ቀድማኝ ዞራ ተመልሳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስስ ደመና መጥቶ ፀሐይዋን ሸፈናት፤ አየሩ ደከመ። ሽመላ በደካማ አየር መዞር አትወድም፤ እኔ ግን ፈልጌ ያገኘኋትን ሁሉ ሳልንቅ እየለቀምኩ መጣሁ። ጅጋ ላይ ስደርስ ቁልቁል አየሁ። ነጭ ክንፍ በሰፊ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ አንድ ሰው ቆሞ ሽቅብ ያየኛል። ዲተር ነው፤ ደኅና ነው፤ ግን አርፏል። ብቻዬን ጮህኩ። ከዚህ በኋላ የምበርራት እያንዳንዷ ክንድ የድል ናት!

ፍኖተ ሰላምን አለፍኩ። ማንኩሳንም አለፍኩ። የቡሬን ዛፎች ገና ከሩቅ ሳያቸው አየሩ ጨርሶ ሞተ። ከበታቼ በድንጋይ ካብና በቦይ መካከል የታጨደ ጤፍ ማሳ አየሁ፤ ከአንድ ገበሬ ማሳ የማይበልጥ። ፍሬኑን አወጣሁ፤ ካቡን በትንሽ ከፍታ አለፍኩ፤ ጭልፊት ገለባው ላይ ተንሸራትታ ቦዩ ጋ ሳትደርስ ቆመች። አንድ ጣቷ አልተቧጠጠችም። አሸንፌያለሁ። የቀረኝ ሳጥኑን ከነማኅተሙ ቡሬ ማድረስ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን በጎጃም ገጠር የሚወራው ወሬ አንድ ነበር፤ መሬት ሊለካ ነው። የመለኪያው ገመድ፣ ቃላድ ሊጎተት፣ ርስት ሊሸነሸን፣ ግብር በልኬት ሊጣል ነው ይባላል። ሰዉ መንገድ ላይ ገመድ የያዘ ሰው ሲያይ ሳይቀር በጥርጣሬ የሚያይበት ጊዜ ነበር።

ከጭልፊት ስወርድ ከየማሳውና ከየአውድማው ሰው እየሮጠ መጣ። ከፊት የቀደመው ጠና ያለ፣ ኩታውን ያደገደገ፣ ዱላ የያዘ ሰው ነው። በኋላ እንደሰማሁት ስሙ አንዳርጌ ይባላል፤ ማሳውም የእሱ ነው።

"አንተ ሰው፣ ኸየት መጣህ?" አለኝ።

"ከቡሬ ነው የተነሣሁት አያ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ።"

"የፍኖተ ሰላም ልጅ በሰማይ ምን አስኬደው? መንገዱ ተዘጋ?"

ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ውድድር መሆኑን፣ ደምበጫ ደርሼ መመለሴን፣ ግላይደሯ ሞተር እንደሌላት አስረዳሁ። ሞተር የላትም ስል ጭራሽ ባሰባቸው። በዚህ መሀል አንዱ አንገቱን በመስኮቷ አስገብቶ ቆየና በርግጎ ወጣ።

"እናንተዬ፣ ይኸ ነገር ይቆጥራል!"

ሁሉም ጸጥ አሉ። ሳጥኑ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

"ምኑን ነው የሚቆጥር?"

"መሬቱን ነዋ!" አለ አያ አንዳርጌ። "ኸቡሬ ተነሣ፤ ደምበጫ ሄደ፤ ኸደምበጫ ተመለሰ። ቃላድ ጎታች ኸዳር እዳር ሄዶ አይደል የሚመለስ? እኛ ገመድ ስንጠብቅ እነሱ ቃላዱን ሰማይ ላይ አወጡት!"

ምን እላለሁ? ሰውዬው ተሳስቷል፤ ግን አስቡት እስቲ፣ የበረርኩት ልክ እንደ ለካ ሰው ነው።

"ክፈተውና እንየው" አለኝ።

"አልከፍተውም።"

"ምን አለበትና አትከፍተውም?"

"አልከፍትም አልኩ እኮ! የሰው አደራ ነው።"

"አልኳችሁ! እውነት ቢሆን ይከፍተው ነበር" አለ አንዱ ጎልማሳ፣ ምሳሩን ከትከሻው አውርዶ ወደ ጭልፊት ክንፍ አነሣ። የሸራ ክንፍ በምሳር ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው ከአፌ የወጣ።

"በሕግ አምላክ!"

ምሳሩ አየር ላይ ቆመ። እናንተ የከተማ ልጆች ይህ ቃል በዚያ አገር ምን እንደነበር ላታውቁት ትችላላችሁ። የተጠራበት ሰው እጁ ተነሥቶ እንደሆነ ተነሥቶ ይቀራል፤ እግሩ ተራምዶ እንደሆነ ይቆማል።

"ከሳሽ ካለኝ ይክሰሰኝ" አልኩ፣ በፍርሃትም በንዴትም። "ዳኛ ይፈለግልኝ። እስከዚያ ክንፏን የሚነካ ሰው መጀመሪያ እኔን ይንካ!"

አያ አንዳርጌ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "እኔ ከሳሽ ነኝ" አለ። "ምሳርህን አውርድ አንተ።"

በመንገዱ ላይ በበቅሎ የሚያልፉ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ላቀው ይባላሉ፤ ቡሬ ተዝካር ተጠርተው የሚሄዱ። መንገደኛን ዳኛ ማድረግ የአገሩ ወግ ነው፤ በሕግ አምላክ ተብለው ተጠሩና እያጉረመረሙ ወረዱ።

"ተዝካሩ አለፈኝ በሉኛ" አሉ። "በል ከሳሽ፣ ክስህን አሰማ።"

አያ አንዳርጌ ከሰሰ። እንዴት ያለ አንደበት ነው! ርስቱ ከአባት ከአያቱ የወረደ መሆኑን፣ ከሰማይ የወረደ ሰው ሳይጠራ እንደገባበት፣ የሚቆጥር ሳጥን ደብቆ አልከፍትም እንዳለ አንድ በአንድ ቆጠረ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ።

"ለምን አትከፍተውም?" አሉኝ መሪጌታ።

"ያሸጉት ሴትዮ አሉ የኔታ፤ ቡሬ ናቸው። ማኅተሙን የሚሰብሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ ከነጮቹ ጋራ ተወዳድሬ አሸንፌያለሁ፤ ምስክሬ ይህ ሳጥን ነው። በሌላ እጅ ከተከፈተ ግን እንዳልበረርኩ እቆጠራለሁ። ይህን ያህል ዓመት 'ትንሽ ቆይ' ሲሉኝ ኖረው ዛሬ አልቆይም!"

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። "አደራ ከሆነ መሰበር የለበትም" አሉ። "ከሳሽም ሳያይ ይሂድ አይባልም። ስለዚህ ሳጥኑን እኔ እይዛለሁ። ሁለታችሁ በቁራኛ ቡሬ ትወርዳላችሁ፤ ሴትዮዋ በከሳሽ ፊት ይክፈቱት። ይቺ ወፍ ደግሞ እስክትመለሱ እዚሁ ትጠበቅ፤ የነካትን በቃለ ግዝት ገዝቼዋለሁ።"

ቁራኛ ከሽማግሌዎች ወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ልማድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አይለያዩም። እኔ ኩታ ስላልለበስኩ መሪጌታ የአንገቴን ሻርፕ አውልቀው አንዱን ጫፍ በእጄ አንጓ፣ ሌላውን በአያ አንዳርጌ ኩታ ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልለው በቅሏቸው ላይ አስቀመጡና እየቆጠረ ከፊታችን ሄደ።

ሰው ተቋጥሮ ሲሄድ መጀመሪያ መራመድ ይማራል። እሱ ሲፈጥን እጎተታለሁ፤ እኔ ስፈጥን ኩታው ይወርድበታል። ውሃ ሽንት እንኳ በስምምነት ሆነ። ጥቂት ከተኳረፍን በኋላ ወሬ ጀመረ።

"እውነት ኸነጭ ጋራ ተወዳድረህ ነው?"

"እውነት ነው አያ።"

"ኸእሱ ወፍና ኸአንተ ወፍ ማናቸው ይበልጣሉ?"

ሁለቱን እያወዳደርኩ፣ ያሸነፈ ናይሮቢ እንደሚላክም ነገርኩት። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ከክለቡ ስብሰባ ይልቅ ተሰማሁ። ነገሩን በበቅሎና በፈረስ መነዘረው። "የሱ ፈረስ ናት፤ ያንተ በቅሎ" አለ። "ሜዳ ላይ ፈረስ፣ ገደል ላይ በቅሎ። እንዲያ ነው?"

"እንዲያ ነው።"

"እንዲያማ ኸሆነ ሊሰድዱህ ይገባል። ግን መሬቴን ለክተህ እንደሆነ አልለቅህም።"

"አልለካሁም እንጂ ለክቼ ቢሆን አንተም አትልቀቀኝ።"

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቡሬ ስንደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር። ማዳም ኢንግሪድ የለችም፤ ዲተር ጅጋ ማረፉን በስልክ ሰምታ፣ ግላይደር የሚጫንበትን ተሳቢ በክለቡ ጂፕ አስጎትታ ልታመጣው ሄዳለች አሉን። ስንጠብቅ ከሌላ ቦታ ለሥራ የመጣ አንድ የፖሊስ ሻምበል አየን። ወደ ደብረ ማርቆስ ሊመለስ የጭነት መኪናው ሞተር ተነሥቷል። ሱሪ የለበሰ ሰው ከባላገር ጋራ ተቋጥሮ ሲያይ ወረደ።

"ይህን ማን አሰረው?" አለ እኔን እያየ።

"እኔ" አለ አያ አንዳርጌ። "በዳኛ ነው። መሬት ለክቷል ብዬ ከስሼው።"

'መሬት' የሚለውን ቃል ሲሰማ የሻምበሉ ፊት ተለወጠ። "ገባኝ!" አለ። "ልኬታ እንዳይደረግ ሰው የሚያነሣሱት እነዚህ ናቸው። የተማረ ሰው አፍኖ ማሰር! ይህን ባላገር ጫኑት።"

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንዱ ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ እጄን ወደ ደረቴ ሳብኩ።

"አይፈታም!"

"ምን አልክ?"

"ከሳሹ እሱ ነው፤ ተከሳሹ እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔ ነኝ ሻምበል። ካልሆነም ሁለታችንን እንደተቋጠርን ይጫኑን።"

"አንተ አብደሃል? ነፃ እያወጣሁህ ነው እኮ!"

"ነፃ አውጡኝ ብዬ የለመንኩት ሰው የለም። በሕግ አምላክ ብዬ ዳኛ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ሰውዬ ምሳር አስወርዶ ሕግ አክብሮ እዚህ ድረስ መጣ። እሱን ጭነው እኔን እቤቴ ቢሰዱኝ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

የገበያው ሰው ከበበን። መሪጌታ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ጣልቃ ገቡ። "ሻምበል፣ ነገሩ ቀላል ነው። ከሳሽ የሳጥኑን ውስጥ አይቶ ክሱን ከተወ ጠብም የለ፣ እስርም የለ። የሚከፍቱት ሴትዮ እስኪመጡ ይታገሡ።"

"እኔ የማንም ሴትዮ ጠባቂ አይደለሁም። አሁን ተከፍቶ ካላየሁት ሳጥኑ ከዚህ ሰው ጋራ ይቅር፤ ባላገሩ ግን ይሄዳል። ነገሩ ደብረ ማርቆስ ይመረመራል።"

ሳጥኑ ነጠላው ውስጥ ይቆጥራል። አያ አንዳርጌ ወደ እኔ ዞረ። ከሰዓታት በፊት ክፈተው ብሎ የከሰሰኝ ሰውዬ አሁን ኩታውን ጨብጦ እንዲህ አለኝ።

"እንዳትከፍተው! አደራ ነው ብለሃል፤ ድልህም ኸእዚያ ውስጥ ነው። እኔ ብታሰር እፈታለሁ።"

"መቼ ትፈታለህ?" አልኩት።

ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ በዚያ ሰሞን በመሬት ነገር የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ማሳው ላይ ጤፉ ገና አልተወቃም።

ናይሮቢን አሰብኩ። አልዋሻችሁም፤ በጣም አሰብኳት። የዲተርን ፊት፣ በስብሰባው የሳቁትን ሰዎች፣ ጅጋ ላይ ከበታቼ የቀረውን ነጭ ክንፍ አሰብኩ። ያን ሁሉ የሚያስረሳኝ ነገር ያገኘሁት የሻምበሉን ፊት ሳየው ነው። ሰዓቱን እያየ ፈገግ ይላል። አብራሪው ለሳጥኑ ሲሳሳ ባላገሩ መኪናው ላይ ይወጣል ብሎ እርግጠኛ ነበር። እኔ ደግሞ እንዲህ እርግጠኛ የሚሆንብኝን ሰው አልወድም።

"የኔታ፣ ሳጥኑን ይስጡኝ" አልኩ።

"አስበህበታል?"

"አስቤበታለሁ።"

በተቋጠረው እጄ ያዝኩት፤ በሌላው ሽቦውን ጠመዘዝኩ። እርሳሷ ተሰብራ መሬት ወደቀች። አያ አንዳርጌ "እግዚኦ!" አለ፤ ያን ያለው ሰው ሲሞት በሚባልበት ድምፅ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩና ከበሮውን አሳየሁት። ጥቁር ወረቀት፣ በላዩ የሚወጣና የሚወርድ ነጭ መስመር፤ ሌላ ምንም የለም።

"ይኸ ጉብ ያለው የት ነው?"

"ላህ ወንዝ ላይ፤ አሞሮቹ ያወጡኝ ቦታ።"

"ይኸ ዝቅ ያለውሳ?"

"ደመናው ሲመጣ።"

"መጨረሻውስ?"

"ያንተ ማሳ።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ የመስመሩን መጨረሻ ነካው፤ ጥላሸቱ ላይ የጣቱ አሻራ ቀረ። ለመንግሥት ወረቀት ጣቱን ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

"ወርድ የለው፣ ቁመት የለው፤ ይኸ ልኬት አይደለም" አለ ጮክ ብሎ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። "ክሴን ትቻለሁ። ይማረኝ፣ አስቸገርኩት።"

"እኔም ቂም የለኝም" አልኩ።

መሪጌታ ወርደው ቋጠሮውን ፈቱ። "ዳኝነቱ አልቋል። ሻምበል፣ ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ማንን ነው የሚጭኑት?"

ሻምበሉ ወዲያና ወዲህ ቢያይ ከገበያተኛው አንድም የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። አንድ ስድብ ጣል አድርጎ መኪናው ላይ ወጣና ሄደ።

ወደ ማታ ማዳም ኢንግሪድና ዲተር መጡ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አሮጊቷ የተሰበረችውን እርሳስ በመዳፏ ይዛ አየቻት፤ አዝናለች። "አምንሃለሁ" አለች፤ "ግን ሕጉ ሕግ ነው።" ዲተር ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጥሩ በረራ ነበር" አለኝ፤ ቀጥሎም "ናይሮቢ የሚረዳኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ ተሳቢውን የሚጠብቅ፣ ክንፍ የሚያያይዝ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለ።

"አልሄድም" አልኩት።

በማግስቱ ጭልፊትን ለመፍታት ወደ ማሳው ስንሄድ የመንደሩ ሰው ከብት ሸራዋን እንዳይልስ ዙሪያዋን በእሾህ አጥሯት አገኘናት። ክንፎቿን ፈትተን ሳንጨርስ ወንዶቹ ተሻምተው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ ወሰዱ። አያ አንዳርጌ ግን ዲተር ፊት ቆመ።

"አስተርጉምልኝ" አለኝ። "ትናንት እኔ ማሳ ላይ ያረፈው ይህ ልጅ ነው በለው። እሱስ የት ነው ያረፈው?"

"ጅጋ" አለ ዲተር።

"እንግዲህ ወረቀቱ ቢበላሽ እኛ አለን። ሲወርድ ያየነው የመንደር ሰው ሁሉ እንምልለታለን። ኸፈለገ ናይሮቢ ድረስ መጥተን እንመሰክራለን በለው።"

ተረጎምኩ። ዲተር ፊቱ ቀላ። "ሕጉ የታሸገ መዝገብ ነው የሚቀበለው" አለ።

ይህንንም ለአያ አንዳርጌ ነገርኩት። "እሺ፣ ሕጋቸው እንዳሻው ይሁን" አለ። "ማንኩሳና ጅጋ ግን ቦታ አይለዋወጡም በለው።"

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ፤ አላፍርበትም። ዲተር ወደ ጂፑ ሄደ።

ሽመላ ናይሮቢ ሄደች። እኔ ከክለቡ አልወጣሁም፤ መውጣት ለእነሱ ማቅለል ነው ብዬ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ "ሽመላን ነገ አበራታለሁ" አልኩ። እንደ ልማዳቸው "ትንሽ ቆይ" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ "አልቆይም" አልኳቸው። አላቆዩኝም። በእርግጥም ፈጣን ናት፤ ብዙ ዓመት አብርሬያታለሁ፤ ወድጃታለሁም። ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰው ግን ያው በስብሰባው የመለስኩትን ነው፤ ቀኑን ንገሩኝና እነግራችኋለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ "ሞኝ ነህ" የሚሉኝ ወዳጆቼ የሚያነሡት አንድ ክርክር አላቸው። ሰውዬው ራሱ አትክፈተው ብሎሃል፤ ምን አጣደፈህ? ይላሉ። እኔን የማያውቁኝ እዚህ ላይ ነው። አልከፍትም ብዬ የቆምኩት በምሳር ሊያስከፍቱኝ ሲሉ ነበር፤ አትክፈተው ያለኝ ሰውዬ ግን ለእኔ ሲል ሊታሰር ተነሥቶ ነበር። በጉልበት የተጠየቅኩትን ዛሬም አልሰጥም። ያን ቀን በቡሬ ገበያ የሰጠሁትን ግን ማንም አልወሰደብኝም፤ በራሴ እጅ ሰበርኩት። ዛሬ ያቺን እርሳስ መልሳችሁ በእጄ ብታስቀምጡልኝ፣ ናይሮቢንም ጨምራችሁ ብትሰጡኝ፣ ሻምበሉ ፈገግታውን ሳይጨርስ መልሼ እሰብራታለሁ።